ፍንጭቷ ሙሽራ

አርታኢዬ የደወለልኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ከፍራንኮ ሰፈር ወደ ቤቴ እየሄድኩ፣ በአንድ እጄ የቲማቲም ፌስታል፣ በሌላው ነጠላዬን ይዣለሁ። የአዳማ ነፋስ እንደሆነ የሴት ነጠላ ካልገፈፈ የነፈሰ አይመስለውም። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል አጣብቄ "ሃሎ" አልኩ። ልጁ ጨዋ ነው። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጄ አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ "እርስዎ" እያለ የሚያርመኝ እሱ ነው።

"እትዬ ትዕግሥት፣ ልብ ወለዱን ጨረስኩት። ግሩም ነው። ሁለት ነገር ብቻ አለኝ" አለ።

ሰው "ሁለት ነገር ብቻ" ሲለኝ ነገሩን ሳልሰማ እናደዳለሁ። ወላጆቼ ትዕግሥት ብለው ስም ሲያወጡልኝ ተስፋ አድርገው ነበር፤ አልተሳካላቸውም።

"አንደኛው የጥርሱ ጉዳይ ነው። ይዘገንናል። አንባቢ እዚያ ላይ መጽሐፉን ያጥፈዋል። ብናወጣውስ?"

"ሁለተኛውስ?"

"እናትየዋ ያን ማታ ምንም አለመጠርጠሯ አያሳምንም። እናት አይደለች? ልቧ እንዴት አይነግራትም? አንድ መጥፎ ሕልም፣ ወይ ሲኒ ከእጇ ወድቆ ሲሰበር፣ እንዲህ ያለ ነገር ብናስገባ…"

"አስፈሪውን ቀንሰህ አሳዛኙን ልትጨምርልኝ ነው?"

"ሚዛን ለመጠበቅ ብዬ ነው።"

"ሚዛን!" ብዬ ስጮህ ባለባጃጁ ደንግጦ ዞር አለ። ቲማቲሜ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። መንገድ ዳር አቁሞ አብሮኝ ለቀመ። "እማማ፣ ሰው ሞቶብዎት ነው?" አለኝ በሐዘን። ምን ብዬ ልመልስለት? አዎ፣ ሞቶብኛል፤ የሞተው ግን አንተ ሳትወለድ ነው ልበለው? "ደህና ነኝ ልጄ፣ ንዳው" አልኩት።

ስለ ሞት መጻፍ ከጀመርኩ ዘመን ቆጥሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ "ልክ ነው" ያለኝ ሰው የለም። አንዱ "ጨክነሽብናል፣ እንቅልፍ ነሣሽን" ይላል። ሌላው ያንኑ ገጽ አንብቦ "አሟሟቱን ሸፋፈንሽው" ይላል። ወጥ ሠርታ ለአሥር እንግዳ እንዳቀረበች ሴት ነኝ፤ ከአንዱ ወገን ጨው በዛ፣ ከሌላው ወገን አልጫ ነው። ሁሉም ደግሞ የእናት ልብ እንደሚያውቅ እርግጠኛ ነው። የእናት ልብ! እኔ የማውቃትን እናት ልቧ ያን ማታ ሠርግ ነበር የነገራት።

ቤቴ ገብቼ ቲማቲሙን አጠብኩ፤ ንዴቴ ግን አልታጠበም። ስለዚህ ያን ነገር ልብ ወለድ ሳላደርገው፣ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ገመቹ የአክስቴ የእታለም አንድ ልጅ ነበር። እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻችን ከሸዋ ደጋ ወርደው ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ሲቀመጡ፣ እሷ አንድ የአርሲ ሰው አግብታ ሻሸመኔ ቀረች። ባሏ በጊዜ ሞተባት። ገበያ ላይ ድንችና ቅቤ እየሸጠች ልጇን ብቻዋን አሳደገች። ልጁ ሲጎረምስ የነዳጅ ቦቴ ረዳት ሆነ። በአሰብ መስመር ሲመላለስ ማረፊያው እኛ ቤት ነበርና ለእኔ እንደ ወንድም ነው። ከአሰብ ቴምር ያመጣልኛል፤ ግማሹን መንገድ ላይ በልቶ ግማሹን "አይጥ በላው" እያለ። የላይ ጥርሱ ፍንጭት ነበር። ሲስቅ መጀመሪያ የምታየው ያቺን ክፍተት ነው።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። ከመተሐራ ወደ ወለንጪቲ ሲመጡ ቦቴው ተገለበጠና ተቃጠለ። ሾፌሩን ወርውሮት ተረፈ፤ ገመቹ ውስጥ ነበር። አጎቴ ጋሽ ንጉሤ፣ የእናቴና የእታለም ታላቅ ወንድም፣ ሊያየው ሄደ። ሲመለስ እናቴን ጓዳ ወስዶ በሹክሹክታ ነገራት። እኔ በር ሥር ቆሜ ነበር።

"በጥርሱ ነው ያወቅሁት" አለ። "በፍንጭቱ። ሌላ ምንም የለም።"

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። እስከዛሬም ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች።

በዚያው ቀን አዳማ ቀበርነው። እናቱ ሳትሰማ፣ እናቱ ሳትኖር። ሻሸመኔ ድረስ ወስደው "ይኸው ልጅሽ" የሚሏት ነገር አልነበረም። የቀረው መርዶው ነው።

መርዶ በእኛ አገር ሕግ አለው። ሰው ሐዘኑን ገበያ መሀል አይሰማም፤ ማታ አይሰማም፤ ባዶ ቤትም አይሰማም። ጎረቤት ቀድሞ ይነገረዋል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከደጁ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ገብተው ያረዱታል። የሚደግፈው እጅ ዙሪያውን እንዲኖር ነው። ዛሬ ሳስበው ደግ ሕግ ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ ልጅ ነኝ፣ መጻሕፍት አንብቤያለሁ፣ እውነት ወዲያው መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። እናቴ አልሄድም አለች፤ "ፊቴን ካየች ሳልናገር ታውቃለች" ብላ። ስለዚህ ሴት ያስፈልጋልና እኔ ተላክሁ። የሄድነው ሦስት ነን። አጎቴ ጋሽ ንጉሤ፣ እኔ፣ ደግሞም የሟቹ አባት ዘመድ የሆኑት የወለንጪቲው ገበሬ ኦቦ ቱሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ኦቦ ቱሉ በትራቸውን ይዘዋል።

አውቶቡሱ ሞጆ ላይ አንድ ጊዜ ተበላሸ፣ መቂ ላይ ሁለተኛ። መቂ ስንቆም ልጆች ሽንኩርትና ፓፓያ በመስኮት ያቀርቡልን ነበር። ጤፉ ማሳ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ ግራሩ ሥር ፍየሎች ተኝተው፣ አገሩ ሁሉ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተዘርግቷል። ይሄም አናደደኝ። ከኋላዬ ሁለቱ ሽማግሌዎች መርዶ ይለማመዳሉ።

"'ትንሽ አሞት ነበር' ብለን ብንጀምርስ?" ይላል አጎቴ።

"ከዚያስ?" ይላሉ ኦቦ ቱሉ።

"ከዚያ 'ጠንቶበታል' እንላለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ… ከዚያማ እሷው ትጮሃለች።"

"እኛ ሳንነግራት?"

"መርዶ እንዲያ ነው እኮ ኦቦ ቱሉ። ሰሚው ነው የሚጨርሰው።"

አላስቻለኝም፤ ዞርኩ። "ለምን እውነቱን አትነግሯትም? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ መሸፋፈን?"

አጎቴ ወደ ወንበሬ ጎንበስ አለ። ደግ ሰው ነበር፤ ዕድሜውን በባቡር ጣቢያ የሠራ፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር። "የቱን እውነት፣ ልጄ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "የጥርሱን?"

ለካ በር ሥር መቆሜን ያውቅ ኖሯል። ዝዋይ ደርሰን ምሳ ብለው ጥብስ አሳ ሲያዝዙ እሱ አልነካም፤ ኦቦ ቱሉ ትንሽ ቀመሱ። እኔ የእነሱንም በላሁ። ዕድሜ እንደዚህ ነው፤ እየተናደድኩም፣ እያዘንኩም ይርበኝ ነበር።

አሳባቸው እንዲህ ነበር፤ ሻሸመኔ ስንደርስ በቀጥታ የዕድሩ ዳኛ ቤት ገብተን ተደብቀን እናድራለን፣ ጎረቤቱ በሥውር ይነገረዋል፣ ሊነጋ ሲል እንሄዳለን። ጥሩ አሳብ ነው፤ አንድ እንከን ብቻ ነበረው። ሻሸመኔ መናኸሪያ ስትወርድ ገበያውን ሳታቋርጥ የትም አትሄድም፤ እታለም ደግሞ የገበያ ሴት ናት። ገበያተኛዋን ከገበያ የሚደብቅ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልተወለደም። እንዴት አንዳቸውም ይህን አላሰቡም? ቀኑን ሙሉ ቃል ሲመርጡ መንገድ መምረጥ ረሱ።

ከጋሪዎቹ መሀል ብቅ ስንል ፊት ለፊታችን ቆማለች። የድንች ጆንያ እንዲጭንላት ከአንድ ባለጋሪ ጋር እየተከራከረች ነበር። አየችን። ወንድሟን በጋቢ፣ የባሏን ዘመድ በበትር፣ እኔን መሀል። ቀጥ ብላ ቀረች። ደም ከፊቷ ሲሄድ አየሁት። ለአንዲት ቅጽበት አወቀች ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ተገላገልን ብዬ።

ከዚያ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። "ልጄ ነው የላካችሁ!" አለች። "ሽማግሌ ሆናችሁ ነው የመጣችሁት!"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገመቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቃት፣ "መቼ ነው የምታገባው?" እያለች ስትነዘንዘው፣ "በሚቀጥለው እኔ አልመጣም፤ ሙሽራዬን እንዲያስፈቅዱልኝ አጎቴንና ኦቦ ቱሉን ነው የምልክልሽ" ብሎ ቀልዶባት ሄዷል። እንግዲህ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ሳይጠሩ ደጅህ ሲመጡ ወይ ሠርግ ነው ወይ ሞት ነው፤ ሦስተኛ ነገር የለም። የዚያኑም የዚህንም መንገድ የሚሄዱት እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ በዚያው ጋቢ። እሷ ደግሞ ልጇ የነገራትን አመነች። ለምን አታምን?

"አይደል እንዴ?" አለች፤ እጇ ገና ጉንጯ ላይ ነው። "ንጉሤ፣ ንገረኝ እንጂ!"

ገበያ መሀል ነን። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነው። ጎረቤት አልተነገረም፣ ደጋፊ እጅ የለም፣ ባለጋሪው አፉን ከፍቶ ይሰማል። አጎቴ ወደ ኦቦ ቱሉ ዞር አለ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲያው… እንመካከራለን ብለን ነው" አለ።

እልልታዋን ለቀቀችው። ቅቤ ሻጮቹ ሁሉ ተቀበሏት። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሮጠች በኦሮምኛም በአማርኛም ትናገራለች፤ "ገመቹ ሊያገባ ነው!" ኦቦ ቱሉ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ የአጎቴን ጋቢ ጫፍ ይዤ ጎተትኩት፤ "ምን አደረክ? ምን አደረክ?" እላለሁ። "ዝም በይ" አለኝ። "እስኪነጋ ነው። እስኪነጋ ብቻ።"

ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ የቀደድኩት ማታ ይሄ ነው። ቤቷ አስገባችን፤ "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ" እያለች ምንጣፉን ዘረጋች። አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ የእንጨት ዕቃ አወጣች። ጭኮ ነው፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ የታሸ። ለገመቹ ያስቀመጠችው ነው፤ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት። "የእሱን ጉዳይ ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከእሱ ትበላላችሁ" አለች። ፈታችው። ቤቱን የቅቤው ሽታ ሞላው። ለአጎቴ በእጇ አጎረሰችው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ሁለተኛ አጎረሰችው፤ ጉርሻ አንድ ብቻ ያጣላል ብላ። ኦቦ ቱሉ ደግሞ እየበሉ፣ ሌላ ምን ያድርጉ፣ ይመርቃሉ። ሽማግሌ ሲበላ መመረቅ አለበት። "ይባርክ" ይላሉ፤ የሚባረከውን ግን አይጠሩም።

አርታኢዬ እዚህ ላይ ነው ሲኒ እንዲሰበር የሚፈልገው። ምንም አልተሰበረም። ውሻም አላላዘነም። እታለም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ እኔን ወደ ማድ ቤት ጠራችኝ። ልብ ወለድ ቢሆን ሽንኩርት ትሰጠኝና እንባዬን በሱ እሸፍን ነበር። የሰጠችኝ ድንች ነው። ድንች ሲልጡ የሚያለቅስ ሰው ምክንያት የለውም፤ ስለዚህ አላለቀስኩም። አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"እነሱ ወንዶች ናቸው፣ አያውቁም" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቺ አይተሻታል። እንዴት ያለች ናት?"

ልነግራት ነበር። እምላለሁ፣ ልነግራት ነበር። "እታለም፣ ልጅሽ ሞቷል" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ከመቂ ጀምሮ ስዘጋጅበት የመጣሁት ነው። ቀና ብዬ አየኋት። የእሳቱ ብርሃን ፊቷ ላይ ነው፤ እጇ ላይ የገበያው አፈር ገና አልታጠበም፤ ትጠብቃለች። እንዲያ የሚጠብቅ ሰው ፊት ያን ቃል የሚያወጣ አንደበት ያለው ካለ እስቲ እሱ ይጻፍ።

"ጠይም ናት" አልኩ።

"ቁመቷስ?"

"መካከለኛ።"

አላመነችኝም። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አየሁ፤ ያን ማታ ሙሉ ያየሁት ጥርጣሬ ያ ብቻ ነው። ስለ ልጇ አልጠረጠረችም፤ ስለ እኔ ነው፣ ሰነፍ ተራኪ ስለሆንኩ። ጠይምና መካከለኛማ ስንቷ ናት? ሌላ ነገር መጨመር ነበረብኝ። አእምሮዬ ውስጥ የነበረው ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ በር ሥር ቆሜ ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ ከዚያ አልወጣም። እሱው ወጣ።

"ፍንጭት ናት" አልኩ።

እታለም ጭኗን መታች። "እንደሱ!" አለች። "እንደሱ ፍንጭት! አይ የኔ ልጅ፣ መልኩን ፈልጎ ነው ያገኛት! እንግዲህ ልጆቻቸው ሁሉ ፍንጭት ሊሆኑ ነው!" እያለች እስክትደክም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ሳይለፋ መጣ፤ ልጅቷ የምትሠራበት ሻይ ቤት፣ ስታፍር አፏን በእጇ የምትሸፍነው፣ ገመቹ ቴምሩን ሳያጎድል የሚያመጣላት። ለእኔ ያጎድል እንደነበር ስነግራት እንደገና ሳቀች። በዚያ ማድ ቤት ድንቹ እስኪበስል ድረስ አንዲት ሴት ፈጠርኩ። ያቺ በሕይወቴ የፈጠርኳት የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

እታለም በደስታ ደክሟት በጊዜ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። አጎቴና ኦቦ ቱሉ ቀድመው ወጥተው ዕድርተኛውን ሰብስበዋል። እታለም ከአልጋዋ ወርዳ፣ "ለእልልታ ነው የመጡት፣ ምነው በጠዋቱ!" እያለች በሩን ከፈተች። ደጁ በሰው ተሞልቷል። ትናንት አብረዋት እልል ያሉት ቅቤ ሻጮች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አየቻቸው። አጎቴ ፊት ለፊት ቆሟል፤ አውቶቡስ ላይ የተለማመደውን ሁሉ፣ "አሞት ነበር" ያለውን፣ "ጠንቶበታል" ያለውን፣ አንዱም አልመጣለትም። በመጨረሻ ኦቦ ቱሉ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ገመቹን ዱኤ" አሉ። ገመቹ ሞተ ማለት ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ ጭኮ ለሁለት ቃል ነበር።

ዞራ እኔን አየችኝ። ወንድሟን አይደለም፤ እኔን። ከዚያ ወደቀች፤ ደጋፊው እጅ ያዛት። ለዚህስ ሕጉ ልክ ነበር።

"እንዴት ሞተ?" ስትል፣ "መኪና ተገልብጦ፣ ወዲያው ነው ያረፈው" አሏት። እሳት የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም። ድንኳን ተተከለ። ለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

ሽማግሌ መጣ ብዬ ጭኮ ፈትቼ፣
ሙሽራ ስጠብቅ ዋልኩ ድንኳን ገብቼ።

ለቀስተኛው አብሮ አነባ። እኔ ግን ፍርሃት ያዘኝ፤ ምክንያቱም ከዚያ ቀጥላ ልጅቷን መጥራት ጀመረች። "አንቺ ፍንጭቷ፣ የት ነሽ? ማን ያጽናናሻል?" ትላለች። በሠልስቱ ማግስት አጎቴን ጠርታ፣ "ልጅቱን አምጡልኝ" አለችው። "አልተዳረችምና ማንም ሐዘንተኛ ብሎ አይቆጥራትም። ብቻዋን ታለቅሳለች። እዚህ ትምጣ፤ አብረን እናልቅስ።"

አጎቴ ከደጅ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ አብጧል። "ዘመዶቿ ድሬዳዋ ወስደዋታል እንበል" አለኝ።

ያን ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለ። "አይበቃችሁም?" አልኩት፤ በሽማግሌ ላይ ጮኬ አላውቅም ነበር። "ደግሞ ድሬዳዋ? ከዚያስ? ታገባለች? ትወልዳለች? እናንተ አንዴ ራስ ነቀነቃችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የምናገረው እኔ ነኝ!" መልሱን ሳልጠብቅ ድንኳኑን አልፌ ገባሁ።

እታለም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተንበርክኬ፣ "እታለም፣ ልጅቱ የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት" አልኳት። እውነት መናገር ደረትን ያቀልላል ይላሉ። አላቀለለኝም።

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ምነው በመታችኝ። በኋላ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ፣ "ፍንጭት ያደረግሻት ለምንድን ነው?" አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ከዓለም ሁሉ እኔ፣ እናቴና አጎቴ ነን የምናውቀው። ያን መልስ ከሰጠኋት እሳቱን ሰጠኋት ማለት ነው።

"ገመቹ ሲስቅ ትዝ ብሎኝ" አልኩ።

"ፍንጭት ባትሆን አላምንሽም ነበር" አለች። "ወንድሜ ዋሸኝ፤ እሱን ይቅር እለዋለሁ፣ ፈሪ ነው። አንቺ ግን ልጅ ሰጥተሽኝ ነው መልሰሽ የወሰድሽብኝ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓመታት አልፈው ስንታረቅም ስለዚያ ማታ ተነጋግረን አናውቅም። አጎቴ አረፈ፣ ኦቦ ቱሉ አረፉ፣ እናቴም አረፈች። ስለ እሳቱ ለእታለም የነገራት የለም። እኔ ደግሞ ጸሐፊ ሆንኩና ያንኑ ማታ በየመጽሐፌ ውስጥ በሌላ ስም ስጽፈው ኖርኩ፤ አንዱ ጨው በዛ፣ ሌላው አልጫ ነው ሲለኝ።

ይህን ጽፌ እዚህ ስደርስ ንዴቴ መብረድ ነበረበት። አልበረደም። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ሻሸመኔ ሄድኩ። መንገዱ ዛሬ ሰፊ ነው፣ አውቶቡስም እንደ ድሮው አይበላሽም። እታለም አሁን በጣም አርጅታለች፤ ማስታወሷም ይሄዳል ይመጣል። የምትጦራት እሷው በኋላ ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ ጫልቱ ትባላለች። በር ላይ አስቁማኝ ነገረችኝ።

"ገመቹ የት ነው እያለች ትጠይቀኛለች" አለች። "አንድ ቀን እውነቱን ነገርኳት። እንደ አዲስ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። ማታ ላይ ረሳችው። በነጋታው ደግሞ የት ነው አለችኝ። እትዬ፣ በየቀኑ መርዶ ይነገራል እንዴ?"

ገባሁ። እታለም አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አወቀችኝ፤ ፊቷ በራ። እጄን ያዘች።

"መጣሽ? ሽማግሌዎቹስ? በሉ?"

የት እንዳለች ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ዘመን መርጣ ያን ማታ ገብታለች። መርዶውን ረስታዋለች፣ ድንኳኑን ረስታዋለች፤ ጭኮውን ግን አልረሳችውም። የነገርኳትን እውነት ጥላ የነገርኳትን ውሸት ይዛ ቀርታለች። ጫልቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አጎቴ ገበያ መሀል እንዴት እንደቆመ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"በሉ፣ እታለም። ጠገቡ" አልኳት።

"ፍንጭቷስ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ልጆቻቸው ሁሉ ፍንጭት ይሆናሉ።"

"ሁሉም" አልኩ።

ሳቀች፤ ጥርስ በሌለው አፏ፣ እንደዚያ ማታ። አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ሻይ ቤቱን፣ ቴምሩን፣ ልጅቷ ስታፍር አፏን የምትሸፍነውን እንደገና ነገርኳት፤ አንድም ሳልረሳ። እንቅልፍ ሲወስዳት እጄን አልለቀቀችም ነበር።

ወደ አዳማ ስመለስ፣ ዝዋይን እንዳለፍን ስልኬን አውጥቼ ለአርታኢዬ ጻፍኩለት። ብዙ ነገር ልለው አስቤ ነበር፤ ስለ ሚዛን፣ ስለ አንባቢ፣ ስለ እናት ልብ። ሁሉንም አጥፍቼ ይህን ብቻ ላክሁለት፦

"ጥርሱን እንዳትነካ። እናትየዋም ምንም አላወቀችም። ደስ ብሏት ነበር።"